የግራ በኩል ውርወራዎች

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦድራ ፔትዌይ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር አሰልጣኝ ማክሌንደን ቢሮ ተጠራች። የፌርሆልም ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ ከተሸነፈ ገና አንድ ቀኑ ነበር። አሰልጣኙ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ አልነኩትም።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሏት። «ሰባት ጨዋታ ተጫወትን። ሩጫችን ደህና ነው፣ መከላከላችንም ክፉ አይደለም። የገደለን ውርወራው ነው። ሁለት ኳርተርባክ አለኝ፣ ሁለት ወርዋሪ፤ ታቪየስና ጃሊል። ለቅዳሜው በዓል የድሮ ተማሪዎች ከያሉበት ይመጣሉ። የትኛውን ልጅ ሜዳ እንደማስገባ ሕዝቡ በየፀጉር ቤቱ ወስኖልኛል። እኔ ግን ካንቺ መስማት እፈልጋለሁ። እያንዳንዷን ውርወራ እይና እስከ ሐሙስ ጽፈሽ አምጪልኝ።»

«ለምን እኔ ኮች? ረዳቶች አሉዎት።»

«ረዳቶቼ ልጆቹን ይወዷቸዋል። አንቺ የምትወጂው ቁጥር ነው።»

ኦድራ ጓንቷን እያጠለቀች ብድግ አለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስታትስቲክስ ለሁለተኛ ዲግሪ ታጠናለች፤ ከትምህርቷ ጎን ለጎን የቡድኑን የጨዋታ ፊልም እየቆራረጠች ታዘጋጃለች። አሰልጣኙ ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ይህች ቁጥር ወዳድ ልጅ ከመጋቢት ወር ጀምሮ ታቪየስ ሬምበርትን እንደምትወድ ነው። ያኔውኑ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር? ይወደኛል ብላ ነው፣ ወይስ ይወደኝ ነበር ብላ?

በዚያች የአላባማ ከተማ የጥቁር ሰው አስከሬን ከሦስት ትውልድ ጀምሮ በፔትዌይ ቤት እጅ ሳያልፍ አፈር ገብቶ አያውቅም። የቀብር ማስፈጸሚያ ድርጅቱን ዛሬ የምታስተዳድረው እናቷ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ናት። ባለ ነጭ ዓምድ ቤት፣ የሚያብረቀርቁ ጥቁር መኪኖች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ሁለተኛው መቀመጫ፤ ይህ ሁሉ የፔትዌይ ነው። የታቪየስ እናት ኧርሊን ሬምበርት ደግሞ ከከተማው ዳር ባለው የዓሣ ፋብሪካ ቆማ ዓሣ ስትከትፍ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ፔትዌይና ሬምበርት የሚገናኙት ሰው ሲሞት ብቻ ነበር።

ኦድራ ይህን ልታፈርስ ቆርጣ ነበር። ከስምንት ቀን በፊት፣ ስድስተኛው ጨዋታ ሲያልቅ፣ እናቷን በስንት ልመና ወደ ስታዲየሙ በር አመጣቻት። «የማስተዋውቅሽ ሰው አለ» አለቻት። ታቪየስ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወጣ። ኦድራ ፈገግ ብላ እጇን አነሳች። እሱ ግን በእጅ ርቀት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ዝም ብሎ አለፈ።

ወይዘሮ ኮርዴሊያ ኮቷን ሰብሰብ አደረገች። «ይህ ነው?» አለች።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ። «ኦድራ፤ ውድድሩ እስኪያልቅ ባንገናኝ ይሻላል። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። በእኔ አትዘኚ። ታቪየስ።» አራት መስመር። ኦድራ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው፤ ባነበበችው ቁጥር እንደ አዲስ ያማት ነበር።

አሁን ደግሞ የዚሁ ሰው ዕጣ በእጇ ገባ።

*

ሰኞና ማክሰኞ ከፊልም ክፍሉ አልወጣችም። እያንዳንዷን ውርወራ እያስቆመች አየች፤ ከየት ተወረወረ፣ ወዴት፣ ምን ያህል ርቆ፣ ተቀባዩ ነፃ ነበር ወይስ ተከልሎ፣ ኳሱ ደረሰ ወይስ ባከነ። ታቪየስን በስሙ እንዳትጠራው በወረቀቷ ላይ «ሰባት ቁጥር» ብላ ጻፈችው፤ ጃሊል ስቶክስን «አሥራ ሁለት ቁጥር»።

አሥራ ሁለት ቁጥር ክንዱ መካከለኛ ነው። ረጅም ውርወራ ላይ ይፈራል፤ ተከላካይ ሲሮጥበት ኳሱን ቶሎ ይለቃል። ግን ሜዳውን በእኩል ያያል፣ ከልምምድም አይቀርም። ሰባት ቁጥር ሌላ ነገር ነው። ክንዱን የሰጠው እግዜር ነው፤ አርባ ሜትር ርቆ ለሚሮጥ ልጅ ኳሱን እንደ ሰላምታ በእጁ ያስቀምጥለታል። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ወደ ግራ ከወረወራቸው ሃያ ስድስት ኳሶች አሥራ ዘጠኙ ተይዘዋል። ከአምስተኛው ጨዋታ ወዲህ ግን ከሃያ አንዱ የተያዙት አራት ናቸው፤ ሦስቱን ባላጋራ ጠልፏቸዋል። ወደ ቀኝ የወረወራቸው ያው እንደ ድሮው ናቸው፣ ንክች አላሉም።

ኦድራ እርሳሷን አስቀመጠች። «ልቤ ነው የሚቆጥረው?» ብላ ፈራች። የተናቀች ሴት ቁጥር ስትቆጥር እጇ አይከብድም ማለት አይቻልም። ከመጀመሪያው ጀምራ ቆጠረች። ያው ነው።

ማክሰኞ እራት ላይ እናቷ ስጋውን እየቆረጠች፣ «ያን ልጅ ተውሽው አይደል?» አለቻት።

«እሱ ነው የተወኝ እማዬ። አይተሽ የለ?»

«አይቻለሁ።» ወይዘሮ ኮርዴሊያ ቢላዋዋን አቆመች። «እንግዲህ እኔ አርባ ዓመት የሰው ፊት ሳይ ነው የኖርኩት፤ የሞተም ያለም። ሰው ሲንቅሽ ዓይኑ መጀመሪያ ያርፍብሻል፤ ከዚያ ነው የሚያነሳው። ያ ልጅ ጭራሽ አላረፈብንም። በአጥር አጠገብ ያለፈ ነው የሚመስለው። ምን እንደነካው አላውቅም፣ ንቀት ግን አልነበረም።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመለሽለታለሽ ብዬ ነዋ። አሁንም ተመለሽ አላልኩም። የዓሣ ፋብሪካ ልጅ ነው፤ አልፈልገውም። ሳትበይ እየዋልሽ ስትከሺ ማየት ስላስጠላኝ ነው የነገርኩሽ። ብይ።»

ረቡዕ ጠዋት ኦድራ ፊልሙን እንደገና ከፈተች። በዚህ ጊዜ ያየችው ኳሱን ሳይሆን ልጁን ነበር። አምስተኛው ጨዋታ፣ ሁለተኛው ሩብ ላይ፣ አንድ ግዙፍ ተከላካይ ታቪየስን ከነራስ ቁሩ መሬት ላይ ሲደፋው ይታያል። ተነሳ። ግራ ዓይኑን በጓንቱ ጀርባ ሁለቴ ጠረገ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ወደ ግራ ለማየት በፈለገ ቁጥር አገጩ ትከሻው እስኪነካ አንገቱን ያዞራል፤ የባላጋራ ተከላካዮችም ይህን እያዩ ቀድመውት ይሮጣሉ። በግራው በኩል እጁን እያውለበለበ የሚሮጥ ነፃ ተቀባይ፣ ማንም በአጠገቡ የሌለ፣ ሲለምነው ታየ። ታቪየስ አላየውም።

ልክ እሷን እንዳላያት። በዚያ በር ላይ የቆመችው በግራው በኩል ነበር።

ደስታ ይሁን ድንጋጤ ያልለየችው ነገር ደረቷን ሞላው። እንዳልናቃት አወቀች፤ ወዲያው ደግሞ ግራ ዓይኑ እንደማያይ ገባት።

*

ከሰዓት በኋላ፣ ቡድኑ ለልምምድ ሳይሰበሰብ፣ ታቪየስ ብቻውን ሜዳው ላይ መረብ ወጥሮ ይወረውር ነበር። ኦድራ ሣሩን ተሻግራ መጣችና በግራው በኩል፣ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። አንድ ኳስ ወረወረ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ ታያለች። ስድስተኛውን ሲለቅ፣

«ታቭ» አለችው።

ደንግጦ መላ ሰውነቱን አዞረ። «ኦድራ። መቼ መጣሽ?»

«ስድስት ኳስ ወርውረሃል እዚህ ከቆምኩ።»

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። ቀስ ብሎ የኳስ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«መጀመሪያ ዝንብ የሚመስል ነገር ነበር። ውልብ ውልብ ይላል። ከዚያ ከታች በኩል ጥቁር መጋረጃ የመሰለ መውጣት ጀመረ። አሁን ግማሹን ይዞታል።»

«የቡድኑ ሐኪም አላየህም?»

«አየኝ እንጂ። የፊደል ሰሌዳውን በቃሌ ነው የያዝኩት።»

«እኔ በር ላይ ቆሜልህ ነበር፣ ባለፈው ቅዳሜ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው። እናቴን ይዤ።»

ቀና አለ። «እናትሽን?»

«ላስተዋውቅህ።»

ታቪየስ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እናትሽን ይዘሽ…» ድምፁ ተቆረጠ። «አላየሁሽም። ኦድራ፣ በናቴ ነው የምምልልሽ፣ አላየኋችሁም። ደብዳቤውንም የጻፍኩት ከልቤ አልነበረም። ካንቺ ጋር አንድ ምሳ ብበላ ታውቂብኛለሽ። ከሁሉ ሰው ልደብቀው እችላለሁ፣ ካንቺ ግን አልችልም።»

አጠገቡ ተንበረከከች። ለዘጠኝ ቀን የተቆለፈው እንባዋ አሁን መጣ። እጁን ያዘች፤ እሱም አጥብቆ ያዛት። ለጥቂት ጊዜ ምንም ነገር ያልተበላሸ መሰላቸው።

«ኮች ግምገማውን ለኔ ሰጥተውኛል» አለች በመጨረሻ። «ነገ አስረክባለሁ።»

እጁ ከእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«ቅዳሜ ከትልቁ ሊግ ተጫዋች የሚመለምሉ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ» አላት። «እኔን ሊያዩ። አንድ ጨዋታ ነው የምለምንሽ። ቀኝ ቀኙን እወረውራለሁ።»

«በግራ የሚመጣብህስ?»

«ተመትቼ አላውቅም እንዴ?»

«እስከዛሬ የሚመታህን እያየህ ነው የተመታኸው። የሚመጣበትን ያየ ሰው ሰውነቱን ያዘጋጃል። ታቭ፣ ይህ ዓይን እየሄደ ነው። አንድ ምት ብቻ ነው የቀረው።»

«እሺ፤ ደካማ ነው በይ። ጃሊል ይግባ በይ። ዓይኑን ግን አትጥቀሺ። የሚቀጥለው ሳምንት ይሻለኝ ይሆናል።»

«ይህ በሳምንት የሚሻል ነገር ነው?»

ብድግ አለ። «አንቺ ምን አለብሽ? እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት በበረዶ ውሃ ላይ ቆማ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል። ጠዋት ጠዋት የሸሚዟን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ያንቺ እናት በነጭ ጓንት ነው የምትሠራው። ከዚያ ፋብሪካ የማወጣት በዚህ ክንድ ነው፣ ሌላ የለኝም።»

«ክንድህን አልነካም…»

«ከጻፍሽው አላውቅሽም» አለ በዝግታ። «ሰምተሻል? በመንገድ ብታልፊ፣ በቀኝም ብትሆኚ አላይሽም።»

ኳሶቹን መልቀም ጀመረ። አንዷ በግራ እግሩ አጠገብ ነበረች፤ እየፈለገ ትቷት ሄደ። ኦድራ ይህን እያየች ልቧ ከቁጣው ይልቅ በዚያች ኳስ ተሰበረ።

*

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ወረቀት ጻፈች። በመጀመሪያው ላይ ስለ ዓይን አንድ ቃል የለም። ውርወራዎቹ ተቆጥረዋል፤ ሰባት ቁጥር ወደ ግራ ትክክለኛነቱን አጥቷል፣ በቅዳሜው ጨዋታ አሥራ ሁለት ቁጥር ቢሰለፍ ይመረጣል ይላል። ጨርሳ አነበበችው። እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ሆኖ ወረቀቱ ውሸት ነበር። ቀደደችው። በሁለተኛው፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «ታቪየስ ሬምበርት በግራ ዓይኑ አያይም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ሊያየው ይገባል» ብላ ጀመረች።

አሰልጣኙ ቆመው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«እሱ ነው የነገረሽ?»

«መጀመሪያ ፊልሙ ነው። በኋላ እሱ አመነልኝ።» ቀጥላም፣ «ኮች፣ ሥራውን ሲሰጡኝ መናገር የነበረብኝ ነገር አለ። እኔና ታቪየስ ከመጋቢት ጀምሮ እንዋደዳለን።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ይህን ልጅ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሬ ነው የማውቀው። ዘወትር ከፊቴ ነው የሚቆመው። እንዴት አላየሁም?» አሉ፤ የሚጠይቁት እሷን አልነበረም። ቀጥለውም፣ «ከእንግዲህ ፊልም ክፍል ልትሠሪልኝ አትችይም። ይገባሻል። ቁጥርሽ ግን ልክ ነው ልጄ» አሏት።

በኮሪደሩ መስኮት ስታልፍ ታቪየስ ከልምምድ ተጠርቶ ሲመጣ አየችው። የራስ ቁሩን በእጁ ይዟል። ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ቢያይ ያገኛት ነበር። ቀና አላለም። ኦድራ ልክ ነገር የሠራ ሰው እፎይ ይላል ሲባል ትሰማ ነበር፤ እሷ የተሰማት ግን የወንጀለኛ ፍርሃት ነው።

*

ዓርብ በርሚንግሃም ወስደው ዓይኑን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር አሉ፤ ምን ያህል እንደሚያይ ወደፊት ይታወቃል፣ ፉትቦል ግን ለዘለዓለም አብቅቷል። ቅዳሜ ጃሊል ተሰልፎ ቡድኑ በሦስት ነጥብ አሸነፈ። ከተማው ሲጨፍር ኦድራ የማርሽ ባንዱን ከበሮ ከክፍሏ ሆና ሰማች። ሁለቱ የሊግ ሰዎች ጨዋታው ሳያልቅ ሄዱ ተባለ።

አራት ደብዳቤ ጻፈችለት። አራቱም ሳይከፈቱ ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ነበሩ፣ ብዕሩን በጡጫ ጨብጦ እንደጻፈ ሰው። «ዓይኑ እስኪድን ልጄ በፊቱ እንዲደፋ ሐኪም አዟል። ቀና ማለት ክልክል ነው። ከሰው አይናገርም። የማደርገው ጠፋኝ። ኧርሊን ሬምበርት።» ነይ አይልም፣ አትምጪም አይልም።

ወይዘሮ ኮርዴሊያ ደብዳቤውን ከልጇ ትከሻ በላይ አጮልቃ አነበበችው። ስለ ዓሣ ፋብሪካ ምንም አላለችም። የጻፉትን ጣቶች ብቻ የምታይ ይመስል ቆየችና፣ «ኮትሽን ልበሺ፤ እኔ እነዳለሁ» አለች።

ግቢ ውስጥ የነበረው ረጅሙ ጥቁር የአስከሬን መኪና ብቻ ነው። በሬምበርቶች ሰፈር ጠባቡ መንገድ ላይ ሲገባ ሰዎች ከየበረንዳው ተነሱ። አንድ አዛውንት ኮፍያቸውን አውልቀው ቀረቡ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም አላረፈም» አለች ወይዘሮ ኮርዴሊያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ። «የታመመ ልጠይቅ ነው።»

«ፔትዌይ በሕይወት ያለ ሰውም ትጠይቃለች እንዴ?» አሉ ሽማግሌው ኮፍያቸውን መልሰው እየደፉ።

ኧርሊን በሩን ስትከፍት መኪናውን አይታ ግድግዳውን ያዘች። ኦድራ ሮጣ ደገፈቻት። «ደህና ነው እማማ፣ ሌላ መኪና አጥተን ነው።» ሴትየዋ ትንፋሿ ሲመለስ በማይታጠፉት ጣቶቿ ወደ ውስጠኛው ክፍል አመለከተቻት።

ታቪየስ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በተጣለ ትራስ ግንባሩን አሳርፎ ወለሉን እያየ ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ታሽጓል። ጫማዋን ሰምቶ፣

«ማን ነው?» አለ።

«ኦድራ።»

ትከሻው ጠጠረ። «ሂጂ።»

አልሄደችም። ግን ምን እንደምትል አላወቀችም፤ በአራቱ ደብዳቤ ያለችውን ሁሉ ረስታዋለች። ቆማ ጀርባውን አየች። ፊቱን ማየት ፈለገች፣ እሱ ደግሞ ቀና ማለት አይችልም። ኮቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው፤ ጉልበቷን አጥፋ ወረደችና በጀርባዋ ወለሉ ላይ ተጋደመች። ጠረጴዛው ስር ተንሸራታ ገብታ ልክ ከፊቱ በታች አረፈች።

የቀኝ ዓይኑ አገኛት። ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካየ ቆይቷል። ፊቱን ማዞር ይችል ነበር። አላዞረም።

«ወለሉ አልተጠረገም» አላት።

«ታየኝ።»

«ከእንግዲህ ኳስ አልወረውርም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ይቅር አላልኩሽም።»

«ይቅር በለኝ ልልህ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ደብዳቤዬን አታነብማ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም። ከዚያ ከዓይኑ ጫፍ እንባ ተጠራቅሞ ቁልቁል ወደቀና ጉንጯ ላይ አረፈ። ትኩስ ነበር። ኦድራ አልጠረገችውም። ሁለተኛው ወደቀ። በግድግዳው ማዶ የሁለቱ እናቶች ድምፅ ይሰማል፤ ወይዘሮ ኮርዴሊያ እጅ ስለሚታሽበት አንድ ቅባት በአዛዥ ድምፅዋ ታስረዳለች፣ ኧርሊን «እሺ እመቤቴ» ትላለች።

«ወለሉ አይቀዘቅዝሽም?» አለ ታቪየስ።

«ይቀዘቅዛል።»

 ተነሺ ይላት ይሆናል ብላ ጠበቀች።

«እንግዲያው» አለ፣ «ትንሽ ብቻ ቆዪ።»